ለዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሥራ የትኛው የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር? የንጽጽር መመሪያ

የሚነድፉት ዕቃ ትራንስፎርመር ይሁን ሞተር፣ ሶሌኖይድ ይሁን የኢንዳክሽን ማሞቂያ፣ የእጅ ስሌቱ አልበቃ ሲል ፊት ለፊት የሚደቀነው የሶፍትዌር ጋጋታ ነው። አንዳንዱ ከድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል፤ የሌላው ዋጋ የሚታወቀው ከሻጩ ጋር ከተደራደሩ በኋላ ነው። በማስታወቂያቸው ግን ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ባለ ሦስት ልኬት፣ ኖንሊኒየር፣ ፈጣን፣ ትክክለኛ። ከዚህ ተነስቶ መምረጥ አይቻልም።

የፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ዕቃውንና ዙሪያውን ሜሽ በሚባል መረብ ወደ ትንንሽ ክፍሎች (ኤለመንቶች) ከፋፍሎ መስኩን በእያንዳንዱ ውስጥ ያሰላል። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ መስፈርቶቹን አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በእነሱ እመዝናለሁ። መነሻዬ አንድ ነው፦ ሶፍትዌር የሚመረጠው በችግሩ ዓይነት እንጂ በስሙ ግዝፈት አይደለም። በዚህ ሙያ ሁለት ዓይነት ብክነት ደጋግሞ ይታያል። አንደኛው በሁለት ልኬት በግማሽ ቀን የሚያልቀውን ሥራ በሦስት ልኬት ለሳምንታት መታገል ነው። ሁለተኛው ከተፈጥሮው ባለ ሦስት ልኬት የሆነውን ችግር፣ ነጻው ፕሮግራም ስለተገኘ ብቻ፣ በሁለት ልኬት ጨፍልቆ ውጤቱን ማመን ነው። ሁለተኛው ይከፋል፤ ምክንያቱም ስዕሉ ያምራል፣ ቁጥሩም የተሳሳተ አይመስልም።

## «ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ» እስከ የት ነው?

በ50 ኸርዝ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1 ሜጋኸርዝ እንኳ 300 ሜትር ነው። ዕቃው ከዚህ ርዝመት አንጻር እጅግ ትንሽ ከሆነ ሞገድነቱን መርሳት ይቻላል። መስኩ እንደ ሞገድ ሳይሆን እንደ ሙቀት ወደ ብረቱ እየሰረገ የሚገባ ነገር ይሆናል። እዚህ የምናወዳድራቸው ፕሮግራሞች የተሠሩት ለዚህ ነው። ለአንቴናና ለማይክሮዌቭ የተሠራ ሶፍትዌር፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ምትክ አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጥቅጥቅ ብሎ በተጠመጠመ ኮይል ውስጥ በዙሮቹ መካከል ያለው ካፓሲታንስ መሥራት ሲጀምር፣ ፍሪኩዌንሲው ገና መቶዎች ኪሎኸርዝ ላይ እያለም ቢሆን፣ የመግነጢሳዊ መስክ ስሌት ብቻውን አይበቃም። ኤሌክትሮስታቲክሱን ለብቻው አስልቶ ካፓሲታንሱን ወደ ሰርኪት ማስገባት የተለመደው መንገድ ነው።

## መስፈርቶቹ

ልኬት። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከረንቱ የሚፈሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው? ረጅም ኮር ያለው ሞተር መሃሉ ላይ ሲቆረጥ ከረንቱ በሙሉ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ነው፤ ባለ ሁለት ልኬት ነው። ክብ ሶሌኖይድ በዘንጉ ዙሪያ የተመጣጠነ ነው፤ ይህም ሁለት ልኬት ይበቃዋል። ከረንቱ ቀዳዳ ዞሮ የሚያልፍበት ሳህን፣ የትራንስፎርመር ታንክ፣ የሞተር ጥቅል ጫፍ፣ አክሲያል ፍላክስ ሞተር (መስኩ በዘንጉ አቅጣጫ የሚያልፍበት) ግን ሦስት ልኬት ይፈልጋሉ። ይህን ጥያቄ በወረቀት ላይ ሳይመልሱ የሶፍትዌር ማውረጃ ገጽ መክፈት አይገባም።

የጊዜ ባሕርይ። አራት ደረጃ አለው፦ የማይለዋወጥ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሳይን የሆነ፣ በጊዜ እርምጃ የሚሰላ፣ በጊዜ እርምጃ ተሰልቶ እንቅስቃሴ የሚጨመርበት። ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር የስሌቱ ጊዜ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ቶርክን በተለያየ የሮተር ቦታ ለማወቅ ብዙ ጊዜ የማይለዋወጠውን ስሌት ቦታ እየቀያየሩ መደጋገም ይበቃል። የኢንዳክሽን ሞተር አነሳስን ለማየት ግን የመጨረሻው ደረጃ ግድ ነው።

ብረቱ። ሳቹሬሽንን (ብረቱ ተጨማሪ መስክ መሸከም ሲያቅተው) ሁሉም ያሰላሉ፤ ልዩነቱ ያለው በኪሳራው ነው። አብዛኞቹ የኮር ኪሳራን የሚያሰሉት መስኩ ከታወቀ በኋላ በስታይንሜትዝ ወይም በበርቶቲ ቀመር ነው። ሂስተሬሲስን (ብረቱ ያለፈ መግነጢሳዊነቱን ይዞ የሚቆይበትን ባሕርይ) እዚያው ስሌቱ ውስጥ ማስገባት የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። በተጨማሪ፣ የላሜራ ቁልልን (ኮሩ የሚሠራባቸውን የተደራረቡ ስስ የብረት ንጣፎች) እንደ አንድ ወጥ ቁስ አድርጎ መተካት ይችላል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ላሜራ አንድ በአንድ የሚሜሽ ሰው የለም።

ስኪን ዴፕዝ (ተለዋዋጭ ከረንት ከገጽ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥልቀት)። ባለ ሦስት ልኬት የኤዲ ከረንት (ተለዋዋጭ መስክ በብረት ውስጥ የሚፈጥረው ዟሪ ከረንት) ሥራ የሚወድቀው እዚህ ነውና ረዘም አድርጌ አየዋለሁ። በ50 ኸርዝ ከረንት መዳብ ውስጥ የሚዘልቀው ወደ 9.3 ሚሊሜትር ነው፤ በ10 ኪሎኸርዝ 0.66 ሚሊሜትር ብቻ። አንጻራዊ ፐርሚያቢሊቲው (ከአየር አንጻር መስክን የመሸከም አቅሙ) 1,000፣ የማስተላለፍ አቅሙ በሜትር 5 ሚሊዮን ሲመንስ የሆነ ብረት ደግሞ በ50 ኸርዝም 1 ሚሊሜትር ላይ ነው። በአንድ ስኪን ዴፕዝ ውስጥ ቢያንስ ሁለት፣ የተሻለው ሦስት የኤለመንት ረድፍ ያስፈልጋል። እንግዲህ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የታንክ ግድግዳ በ0.5 ሚሊሜትር ኩብ ቢሜሽ አንዱ ረድፍ ብቻ 8 ሚሊዮን ኤለመንት ይሆናል። ይህን የሚሸከም ኮምፒውተር ከመፈለግ ይልቅ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው በውፍረቱ አቅጣጫ ቀጭን፣ በጎን ሰፊ የሆኑ የተደራረቡ ኤለመንቶችን መጠቀም ነው። ሁለተኛው የግድግዳውን ውስጥ ጨርሶ ሳይሜሹ በላዩ ላይ የኢምፒዳንስ ድንበር ማስቀመጥ ነው። ሶፍትዌሩ እነዚህን ሁለቱን በቀላሉ ይሰጣል ወይ የሚለው ከፍጥነቱ ይበልጥ ይመዝናል። የኢምፒዳንስ ድንበር በመሠረቱ ሊኒየር ቁስን ታሳቢ ያደርጋል፤ ግድግዳው በጣም ሳቹሬት ካደረገ ውጤቱን ለማመን መቸኮል አይገባም።

የኤለመንቱ ዓይነት። በሦስት ልኬት የመግነጢሳዊ ቬክተር ፖቴንሻልን (መስኩ የሚገኝበትን ረዳት መጠን) በኖዶች፣ ማለትም በኤለመንቱ ማዕዘኖች፣ ላይ ማስላት ብረትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ስሕተት ያመጣል፤ መስኩ ሊኖረው የማይገባውን ቀጣይነት በግድ ይጭንበታልና። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1980 ኔዴሌክ ያቀረባቸው፣ ያልታወቀውን መጠን በኤለመንቱ ጠርዞች ላይ የሚያስቀምጡት ኤለመንቶች ናቸው። ዛሬ ከባድ ሚዛን ያላቸው ሁሉ እነዚህን ወይም ስኬላር ፖቴንሻልን ይጠቀማሉ። አንድ ፕሮግራም ሦስት ልኬት እሠራለሁ ካለና የትኛውን እንደሚጠቀም በሰነዱ ላይ ካላገኙ፣ ይለፉት።

እንቅስቃሴና ሰርኪት። ሮተሩ ሲዞር ሜሹ እንዴት ይዞራል? ኢንቨርተሩ ወይም ዳዮዱ ከኮይሉ ጋር አብሮ ይሰላል? ለሞተር ሠሪ እነዚህ ዋና ናቸው፤ ለኢንደክተር ሠሪ ምንም አይደሉም።

ክፍት ቦታ። መስኩ ዕቃው ዳር ላይ አያበቃም። ዙሪያውን ያለውን አየር በሩቅ ሳጥን መዝጋት ይቻላል፤ ግን ብዙ ኤለመንት ይበላል። ጥሩ ፕሮግራም ማለቂያ የሌለውን ቦታ በትንሽ ቅርፊት የሚተካ ዘዴ አለው።

ስክሪፕት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰላ ንድፍ የለም። ልኬቱን ቀይሮ መቶ ጊዜ ማስላት የማይቻልበት መሣሪያ ለንድፍ ሥራ አይሆንም።

ጠቅላላ ወጪ። ፈቃዱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ለመልመድ የሚወስደው ጊዜ፣ የሚፈልገው ሜሞሪ፣ ሲቸገሩ የሚመልስ ሰው መኖሩ ሁሉ ወጪ ነው። ነጻ ሶፍትዌር በመሐንዲስ ሰዓት ሲመነዘር ውድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ውድ ሶፍትዌርም ለዓመቱ ሁለት ችግር ብቻ ከተገዛ ከንቱ ነው።

## ነጻዎቹ

### ኤፍኢኤምኤም (በአጭሩ ፌም)

በዴቪድ ሚከር የተጻፈ፣ ባለ ሁለት ልኬትና በዘንግ ዙሪያ ለተመጣጠኑ ችግሮች ብቻ የሆነ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ በሊኑክስ ላይም በዋይን በኩል ይሠራል። የማይለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክን፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚለዋወጠውን፣ ኤሌክትሮስታቲክስን፣ የሙቀት ፍሰትንና የከረንት ፍሰትን ያሰላል። በጊዜ እርምጃ የሚሰላ የመግነጢሳዊ ስሌት የለውም፤ ሦስት ልኬትም የለውም።

ታዲያ ለምን ቀዳሚ ቦታ ሰጠሁት? ስዕሉን ስሎ፣ ቁስ መድቦ፣ ውጤት እስኪያዩ የሚፈጀው ጊዜ ከሁሉም አጭር ስለሆነ ነው። ሉአ የተባለው የስክሪፕት ቋንቋ ውስጡ አለ፤ ከፓይተን፣ ከኦክታቭና ከማትላብም ይታዘዛል። ለክፍት ቦታ አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ድንበር በአንድ ቁልፍ ይፈጠራል። የላሜራ ቁልልንና የሊትዝ ሽቦን (ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደውን) ባሕርይ ራሱ ይተካል፤ ይህ ሁለተኛው ለኢንደክተር ሠሪ ትልቅ ነገር ነው። ፓይሊካንና ሲር-ኢ የተባሉት ክፍት የሞተር ንድፍ መሣሪያዎችም ስሌታቸውን የሚያሠሩት በፌም ነው።

ድክመቱ ከሥሩ ሲታይ እንዲህ ነው። ኤለመንቱ የመጀመሪያ ደረጃ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ በእያንዳንዱ ኤለመንት ውስጥ የመስኩ መጠን አንድ ቋሚ ቁጥር ነው። ስዕሉን የሚያለሰልሰው አማራጭ መልኩን ያሳምራል እንጂ አዲስ መረጃ አይጨምርም። ስለዚህ በአየር ክፍተት ውስጥ በርካታ የኤለመንት ረድፍ ያስፈልጋል፤ በተለይ ከረንት ሳይኖር ማግኔቱ ብቻ የሚፈጥረው ኮጊንግ ቶርክ ሲፈለግ። ይህ ቶርክ ትልልቅ ቁጥሮች ተቀናንሰው የሚቀር ትንሽ ቁጥር ነው፤ ሮተሩ በዞረ ቁጥር ሜሹ አዲስ ሲሠራ የሜሹ ጫጫታ ይውጠዋል። አዳዲሶቹ እትሞች ለዚሁ ሲባል ልዩ የአየር ክፍተት ድንበር ጨምረዋል፤ ሞተር የሚሠራ ሰው ሊጠቀምበት ይገባል። ሁለተኛው ድክመት፣ ሳቹሬት ያደረገ ብረት በተለዋዋጭ ከረንት ሲሰላ የሚወሰደው መሠረታዊው ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው፤ ሃርሞኒኮቹ (የዚያ ፍሪኩዌንሲ ብዜቶች) አይታዩም።

### ኤልመር

ሲኤስሲ የተባለው የፊንላንድ የሳይንስ ኮምፒውቲንግ ማዕከል የሚያለማው ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1995 ተጀመረ፤ በ2005 ደግሞ በክፍት ምንጭ ፈቃድ ተለቀቀ። በነጻዎቹ መካከል ለባለ ሦስት ልኬት የኤዲ ከረንት ሥራ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። የጠርዝ ኤለመንት ይጠቀማል፤ የማይለዋወጥ፣ ሳይን የሆነና በጊዜ እርምጃ የሚሰላ ስሌት አለው፤ ከሙቀትና ከመካኒክስ ጋር ይጣመራል። ትልቁ ብርታቱ ስሌቱን በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ መከፋፈሉ ነው፤ የፈቃድ ቁጥር የሚጠይቅ ስለሌለ ክላስተር (የተያያዙ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ያለው ተቋም የፈለገውን ያህል ፕሮሰሰር ይጠቀማል። የንግድ ሶፍትዌር ተጠቃሚ ይህን ነጻነት በቀላሉ አያገኘውም።

መስኮቱ ግን ቀላል ነው፤ ለከባድ ሥራ የትእዛዝ ፋይሉን በጽሑፍ ማዘጋጀት የማይቀር ነው። ጂኦሜትሪውና ሜሹ ከውጭ፣ ብዙ ጊዜ ከጂሜሽ ወይም ከሳሎሜ፣ ይመጣል፤ ውጤቱ በፓራቪው ይታያል። አዲስ ተጠቃሚ የሚሰናከልበት ቦታ ይታወቃል፦ ኢቴሬቲቭ ሶልቨሩ (መልሱን በመደጋገም እየቀረበ የሚያገኘው) አልረጋጋም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የገባው ከረንት ራሱን ዘግቶ የማይዞር መሆኑ ነው። በእጅ የተጻፈ የከረንት አቅጣጫ በሜሹ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይጎድላል ወይም ይተርፋል። ኤልመር ይህን የሚያስተካክል አማራጭ አለው፤ ሶልቨሩን ከመቀየር በፊት እሱን ማብራት ይገባል።

### ጌትዲፒና ጂሜሽ

ሁለቱም ከቤልጅየሙ የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙ፣ በክፍት ምንጭ ፈቃድ የሚሰጡ ናቸው። ጂሜሽ ጂኦሜትሪና ሜሽ ይሠራል፤ ጌትዲፒ ያሰላል፤ ዋንላብ የተባለው መገናኛ ያያይዛቸዋል። ጌትዲፒን ከሌሎቹ የሚለየው ቀመሩን ራሱን ተጠቃሚው በጽሑፍ መስጠቱ ነው፦ የፋንክሽን ስፔሱ፣ የድንበር ሁኔታው፣ ኢኩዌሽኑ ሁሉ በግልጽ ይጻፋል። የቬክተር ፖቴንሻል ይበሉ፣ የመግነጢሳዊ መስክን ራሱን ያልታወቀ ያድርጉ፣ ሁለቱን ያጣምሩ፤ ይቻላል። ለዚህም ነው የሱፐርኮንዳክተር ተመራማሪዎች የሚወዱት።

ዘዴውን ከሥሩ መማር ለሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም። ለሳምንት ውጤት ለሚፈለግበት መሐንዲስ ግን የተዘጋጁት የሞተር፣ የኢንደክተርና የትራንስፎርመር ምሳሌዎች ካልገጠሙት በቀር አይመከርም።

በዚሁ ረድፍ፣ ከቪየና የመጣው ኤንጂሶልቭ በፓይተን የሚታዘዝና ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን የጠርዝ ኤለመንቶች በደንብ የሚይዝ ነው። ኤምፌም ደግሞ የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሲ ፕላስ ፕላስ ስብስብ ነው፤ የራሱን ኮድ ለሚጽፍ ሰው እንጂ ዕቃ ለሚነድፍ አይደለም።

## የንግዶቹ

### አንሲስ ማክስዌል

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው አንሶፍት ነው፤ በ2008 ወደ አንሲስ ገባ፤ አንሲስ ራሱ ደግሞ በ2025 በሲኖፕሲስ ተገዛ። የሚታወቀው ሜሹን ራሱ እያጠበቀ በመሄዱ ነው፦ ያሰላል፣ ስሕተቱ የበዛበትን ቦታ ይለያል፣ እዚያ ያጠብቃል፣ ደግሞ ያሰላል። ለማይለዋወጥና ለሳይን ስሌት ይህ ጀማሪን ከብዙ ስሕተት ያድናል። በጊዜ እርምጃ በሚሰላው ላይ ግን ይህ ጠባቂ እንዳለ ማሰብ አደገኛ ነው፤ እዚያ ሜሹን የሚወስነው ተጠቃሚው ነው፣ ወይም ከሌላ ስሌት የተወሰደ ሜሽ ነው። የሞተር ንድፍ፣ እንቅስቃሴና ሰርኪት በሚገባ ተሟልተውለታል። ለተማሪ የችግር መጠን ገደብ ያለበት ነጻ እትም አለው።

### ኮምሶል

እ.ኤ.አ. በ1986 በስቶክሆልም የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው ዋናው ፕሮግራምና ኤሲ/ዲሲ የተባለው ተጨማሪ ክፍል ነው፤ ሲገዙ ሁለቱም እንደሚቆጠሩ ይወቁ። መስክ ሙቀትን ሲወልድ፣ ሙቀቱ የብረቱን ባሕርይ ሲለውጥ፣ ብረቱም ሲለጠጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ተመራጩ ይህ ነው። የኢንዳክሽን ማሞቂያ ሥራ ለእሱ የተሠራ ይመስላል። ኢኩዌሽኑ ይታያል፣ ይስተካከላልም።

ነጻነቱ ግን ተጠቃሚው እንዲያውቅ ይጠይቃል። ባለ ሦስት ልኬት ስሌት አልረጋጋ ሲል ለአየሩ ጥቂት የማስተላለፍ አቅም መስጠት ወይም ጌጁን ማሰር (ፖቴንሻሉ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ማድረግ) እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ተጠቃሚ በሰዓት ይወጣዋል፤ የማያውቅ በሳምንት። ለአየሩ የሰጡት አቅም ውጤቱን እንዳልለወጠ በሌላ ቁጥር ደግሞ ማስላት ግዴታ ነው።

### ፍላክስ፣ ሲምሴንተር ማግኔት፣ ጄማግ፣ ኦፔራ

ፍላክስ ከግሬኖብል የምርምር ቤት የወጣ፣ በሴድራት ያደገ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ አልቴር የተዛወረ ነው። ማግኔት የሞንትሪያሉ ኢንፎሊቲካ ሥራ ነበር፤ ዛሬ በሲመንስ ስር ነው። ሲመንስ በ2025 አልቴርንም ስለገዛ ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድ ጣሪያ ስር ገብተዋል። የረጅም ጊዜ ውል የሚፈርም ገዢ ሁለቱ ለየብቻ ይቀጥሉ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። በችሎታ ደረጃ ሁለቱም ለሞተር፣ ለትራንስፎርመርና ለአክቹዌተር ሙሉ ናቸው።

ጄማግ የጃፓኑ ጄኤስኦኤል ምርት ነው፤ ታሪኩ እስከ 1983 ይዘልቃል። ሙሉ ትኩረቱ በኤሌክትሪክ ሞተርና በመሰል ዕቃዎች ላይ ነው፤ የቁስ መረጃ ስብስቡና የኪሳራ ስሌቱ ለዚህ ሥራ የተሳሉ ናቸው። ሥራዎ ሞተር ብቻ ከሆነ ከማክስዌል ጎን አስቀምጠው ይፈትኑት። ኦፔራ ከእንግሊዙ ራዘርፎርድ አፕልተን ላቦራቶሪ ሥራ የተወለደ፣ አሁን በዳሶ ሲስተምስ ስር ያለ ሲሆን የፓርቲክል አክሰለሬተር ማግኔት ሠሪዎች የቆየ መሣሪያ ነው።

## በአንድ እይታ

| መሣሪያ | ልኬት | በጊዜ እርምጃ | እንቅስቃሴና ሰርኪት | ስክሪፕት | ፈቃድ | ለመልመድ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፌም | ሁለት፣ በዘንግ የተመጣጠነ | የለም | ቦታ እየቀየሩ መደጋገም | ሉአ፣ ፓይተን፣ ኦክታቭ | ነጻ | ቀናት |
| ኤልመር | ሁለትና ሦስት | አለ | አለ፣ በጽሑፍ ይዘጋጃል | የትእዛዝ ፋይል | ክፍት ምንጭ | ወራት |
| ጌትዲፒና ጂሜሽ | ሁለትና ሦስት | አለ | አለ፣ ተጠቃሚው ይጽፈዋል | የራሱ ቋንቋ፣ ፓይተን | ክፍት ምንጭ | ወራት |
| ኤንጂሶልቭ | ሁለትና ሦስት | ተጠቃሚው ይጽፈዋል | ተጠቃሚው ይጽፈዋል | ፓይተን | ክፍት ምንጭ | ለኮድ ጸሐፊ ሳምንታት |
| ማክስዌል | ሁለትና ሦስት | አለ | የተሟላ | ፓይተን | ንግድ፣ የተማሪ እትም አለ | ሳምንታት |
| ኮምሶል | ሁለትና ሦስት | አለ | አለ | ጃቫ፣ ማትላብ | ንግድ | ሳምንታት |
| ፍላክስ፣ ማግኔት፣ ጄማግ | ሁለትና ሦስት | አለ | የተሟላ | አለ | ንግድ | ሳምንታት |

የመልመጃው ጊዜ የእኔ ግምት ነው፤ የፋይናይት ኤለመንት መሠረት ያለውን ሰው ታሳቢ ያደርጋል።

## ማን ምን ይምረጥ?

በጀት የሌለው ተማሪ ወይም ብቻውን የሚሠራ ነዳፊ በፌም ይጀምር። ሌላ ለማሰብ የሚገባው ፌም ያልመለሰለትን ጥያቄ በስም መጥራት ሲችል ነው፦ «የታንኩ ኪሳራ»፣ «የጥቅሉ ጫፍ ኢንዳክታንስ»፣ «የአነሳሱ ከረንት»። «ሦስት ልኬት ስለሚሻል» የሚለው ጥያቄ አይደለም።

የፓወር ኤሌክትሮኒክስ ኢንደክተርና ትራንስፎርመር ሠሪ ክብ ወይም ፖት ቅርጽ ላለው ኮር ከፌም ውጪ ብዙ አያስፈልገውም። ኢ-ቅርጽ ላለው ኮር ግን በክፍተቱ ዙሪያ የሚንሳፈፈው መስክ በሁለት ልኬት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታያል፤ ኢንዳክታንሱም ከእውነተኛው ያንሳል። ይህን በእጅ ማረም ይቻላል። በክፍተቱ አጠገብ ባሉ ሽቦዎች ላይ ያለው ኪሳራ ወሳኝ ከሆነ ግን ኤልመር ወይም ከንግዶቹ አንዱ ያስፈልጋል።

ሞተር የሚሠራ ድርጅት በየዓመቱ ብዙ ንድፍ የሚያወጣ ከሆነ ማክስዌልን፣ ጄማግንና ፍላክስን በራሱ ሞተር ላይ ጎን ለጎን አስፈትኖ ይግዛ። ንድፉ ጥቂት ከሆነ ፌምን ከሲር-ኢ ወይም ከፓይሊካን ጋር ይዞ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ በቋሚ ማግኔቶቹ ውስጥ ያለው ኤዲ ከረንትና የመነሻ ሁኔታ ብቻ ይቀሩታል።

የኃይል ትራንስፎርመር ሠሪ ዋና ጭንቀቱ ከኮይሉ አምልጦ ታንኩንና ማያያዣ ብረቶቹን የሚያሞቀው መስክ ነው። የኢምፒዳንስ ድንበሩና ቀጫጭን ቁሶችን የሚይዝበት መንገድ የተሟላለትን የንግድ ሶፍትዌር ይምረጥ፤ እዚህ ላይ በነጻዎቹ የሚቆጥበው ገንዘብ በሰው ጊዜ ይወጣበታል ብዬ አምናለሁ።

ኢንዳክሽን ማሞቂያ ላይ የሚሠራ፣ ገንዘብ ካለው ኮምሶል፤ ከሌለውና ክላስተር ካለው ኤልመር። ብረቱ ሲግል፣ ከ770 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በላይ፣ መግነጢሳዊነቱን ስለሚያጣ ስኪን ዴፕዙ በድንገት ይሰፋል፤ ሁለቱ ስሌቶች በየእርምጃው ተመላልሰው መነጋገር አለባቸው። የሱፐርኮንዳክተር ተመራማሪ ወደ ጌትዲፒ ይሂድ።

## ከመግዛት በፊት የሚደረጉ ፈተናዎች

የሻጩን ምሳሌ አይቀበሉ፤ ያ የሚሠራ መሆኑ ተረጋግጦ ነው የሚመጣው። እነዚህን ይስጡት።

መጀመሪያ 10 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ያለው ቀጭን የሽቦ ቀለበት፣ 100 አምፒር። መሃሉ ላይ 0.628 ሚሊቴስላ መውጣት አለበት። ከዚያ የአየሩን ሳጥን እጥፍ ያድርጉት፤ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የክፍት ቦታው አያያዝ አልበቃም።

ቀጥሎ ክፍተት ያለው ኢንደክተር፦ 100 ዙር፣ 10 በ10 ሚሊሜትር ኮር፣ 1 ሚሊሜትር ክፍተት። የእጅ ስሌቱ 1.26 ሚሊሄንሪ ይሰጣል። በሚንሳፈፈው መስክ ምክንያት ትክክለኛው ከዚህ ይበልጣል፤ የክፍተቱን ርዝመት በኮሩ ሁለት ጎኖች ላይ የሚጨምረው የተለመደ ግምት 21 በመቶ ጭማሪ ይሰጣል፣ በሁለት ልኬት ግን 10 በመቶ ብቻ። ኢንዳክታንሱን አንዴ ከፍላክስ ሊንኬጅ (በዙሮቹ ውስጥ ከሚያልፈው ጠቅላላ መግነጢሳዊ ፍሰት)፣ አንዴ ከተከማቸው ኃይል አስሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሜሹ ሻካራ ነው።

ለጉልበት፦ ብረት ፊት ላይ 1 ቴስላ በቀጥታ ሲያርፍ በካሬ ሴንቲሜትር 40 ኒውተን ያህል ይስባል። ሜሹን በግማሽ አጥብቀው ይድገሙት።

ለሦስት ልኬት ኤዲ ከረንት ደግሞ የዓለም አቀፉ የኮምፑማግ ማኅበር «ቲም» ከሚባለው የፈተና ስብስብ 7ኛውን ይውሰዱ። 294 ሚሊሜትር በ294 ሚሊሜትር ስፋት፣ 19 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ሳህን ነው፤ ወደ አንድ ጥግ ያዘመመ ቀዳዳ አለው፤ በላዩ 2,742 አምፒር-ዙር ያለው ኮይል ተቀምጧል። በ50 ኸርዝ ስኪን ዴፕዙ 12 ሚሊሜትር፣ በ200 ኸርዝ 6 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው የተሳካለት ሜሽ በሁለተኛው ይጋለጣል። የተለካው ውጤት በይፋ ስለሚገኝ ማንም ሊከራከር አይችልም። ብረቱ ሳቹሬት ለሚያደርግ ባለ ሦስት ልኬት ሥራ ደግሞ 13ኛው አለ።

ፈተናውን የሚሠራው የሻጩ ባለሙያ ሳይሆን በኋላ ሶፍትዌሩን የሚይዘው የራስዎ ሰው ይሁን። የፈጀበትን ሰዓትና የያዘውን ሜሞሪ ይመዝግብ። ፋይሎቹንም ያስቀምጡ፤ አዲስ እትም በመጣ ቁጥር ከንድፍ ሥራ በፊት መጀመሪያ የሚሮጡት እነሱ ይሁኑ።